የነቀዝ ፊት በ5 እጥፍ፦ ስለ ከፍተኛ ማክሮ ፎቶ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ ካሜራ ይዞ የተንበረከከ ሰው ካያችሁ ወይ ሙሽራ እያነሳ ነው፣ ወይ ጉንዳን። እኔ ሁለቱንም አነሳለሁ፤ ጥያቄ የሚበዛብኝ ግን በሁለተኛው፣ ጥቃቅን ነገሮችን በጣም አጉልቶ በማንሳቱ (በማክሮው) ነው። በተራ ማንበብ ግድ አይደለም። ሌንስ ለመግዛት ገንዘብ ያዘጋጀ ሰው ግን ስለ ብርሃን የጻፍኩትን ሳያነብ ባይከፍል ደስ ይለኛል።

«1 እጥፍ»፣ «5 እጥፍ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የምታነሱት ነገር ካሜራው ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ላይ በምን ያህል መጠን ያርፋል የሚለው ነው የሚለካው። በ1 እጥፍ፣ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ነገር ሴንሰሩም ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ ያርፋል። በ5 እጥፍ ይኸው ነገር 50 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከሴንሰሩ ይተርፋል። የፉል ፍሬም ካሜራ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ5 እጥፍ ሲነሳ ፎቶው ውስጥ የሚገባው ቦታ 7.2 በ4.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

በጤፍ እንየው። አንዷ የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጫፍ ለጫፍ ብትደረድሯቸው ፍሬሙን በወርዱ ለመሙላት በ1 እጥፍ 30 ገደማ ፍሬ ይፈልጋል፤ በ5 እጥፍ ስድስት ይበቃል። ጠገራ ብር ደግሞ ዲያሜትሩ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ በ1 እጥፍ እንኳን ሙሉው አይገባም። ብዙ ሰው «ማክሮ ሌንስ አለኝ» ሲል 1 እጥፍ የሚደርስ ሌንስ ማለቱ ነው። እኔ እዚህ የማወራው ከዚያ ወዲያ ስላለው ነው።

ከ1 እጥፍ በላይ የሚሄዱት የትኞቹ ሌንሶች ናቸው?

ስሙ የገነነው የካኖን ኤምፒ-ኢ 65 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሲሆን ከ1 እስከ 5 እጥፍ ይሄዳል። አውቶፎከስ (በራሱ የማጥራት ዘዴ) የለውም። ቀለበቱን ስታዞሩት የሚቀየረው የማጉላቱ መጠን ነው፤ ፎከስ የምታገኙት ራሳችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመንቀሳቀስ ነው። ሩቅ ነገር ላይ ጨርሶ ፎከስ አያደርግም፤ በዚህ ሌንስ የፋሲል ግንብን ላንሳ ያለ ሰው ጭጋግ ብቻ ነው የሚያየው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የላዎዋ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ2.5 እስከ 5 እጥፍ። ቀላልና ቀጭን ነው፤ ሣር መካከል ገብቶ ለመሥራት ይመቻል። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የሌንስ ቀዳዳ) በእጅ ነው የምታዞሩት፤ ጠበብ ባደረጋችሁት ቁጥር በመመልከቻው የምታዩትም ይጨልማል። ከ2.5 እጥፍ በታች አለመውረዱ ግን ትልቅ ጉድለት ነው። ቢራቢሮ ብታገኙ ክንፏን እንጂ እሷን አታነሱም።

ላዎዋ 2 እጥፍ የሚደርስ 100 ሚሊ ሜትር ሌንስም አለው፤ እንደ ተራ ሌንስ ሩቁንም ያነሳል። ለጀማሪ ምረጥ ብባል ይኼንኛውን እመርጣለሁ።

ነፍሳቱ አይሸሹም? ምን ያህል ነው የምትጠጉት?

በጣም ነው የምንጠጋው። የካኖኑ ሌንስ በ1 እጥፍ ከጫፉ እስከ ነፍሳቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይተዋል፤ በ5 እጥፍ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ሽሽቱን የሚያመጣው ግን ከርቀቱ ይልቅ ጥላና ድንገተኛ እንቅስቃሴ ነው። ፀሐይን ከኋላ አድርጋችሁ ከቆማችሁ ጥላችሁ ቀድሟችሁ ይደርሳል። ከጎን በዝግታ ግቡ፤ ነፍሳቱ ያሉበትን ግንድ አትነቅንቁ። ንብ አበባ ላይ ሥራዋን ከያዘች ለእናንተ ጊዜ የላትም። ቀፎ አጠገብ ግን ሌንሱን ይዛችሁ አትሞክሩት፤ የእኛ አገር ንብ ስትቆጣ ምሕረት የላትም።

ፎቶዬ ለምን ይጨልማል? ፀሐይ ላይ እያነሳሁ እንኳን!

ሌንሱ ከሴንሰሩ በራቀና ባጎላ ቁጥር ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበተን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ እጥፉ ላይ 1 ደምራችሁ ውጤቱን በራሱ ታባዛላችሁ። በ1 እጥፍ ብርሃኑ በ4 ይካፈላል፤ በ5 እጥፍ በ36። የጎንደር የቀትር ፀሐይ የፈለገውን ያህል ቢያቃጥል ይኼን አይሸፍንላችሁም። በዚያ ላይ የእጃችሁም የነፋሱም ንዝረት አብሮ 5 እጥፍ ይጎላል።

ስለዚህ ፍላሽ የግድ ነው። ሥራው ማብራት ብቻም አይደለም። በዝቅተኛ ኃይል የተተኮሰ ፍላሽ ብልጭታው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ በብዙ ያጠረ ስለሆነ ንዝረቱን ያስቆመዋል። ካሜራውን ማኑዋል (ሁሉንም በእጅ የምታስተካክሉበት) ላይ፣ ሹተሩን (ሴንሰሩ ለብርሃን የሚከፈትበትን ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ንቃት) 100 ወይም 200፣ የፍላሹን ኃይል 1/8 ገደማ አድርጋችሁ ጀምሩና ከዚያ አስተካክሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ራቁቱን የተተኮሰ ፍላሽ የጥንዚዛ ጀርባ ላይ ነጭ ነጥብ ያትማል፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ይጠቁራል፤ ፎቶውም የመታወቂያ ፎቶ ይመስላል። መፍትሔው ብርሃኑን ማለስለስ ነው። ነጭ የዕቃ መጠቅለያ ፎም፣ የመጋገሪያ ወረቀት ወይም ነጭ የፕላስቲክ ጣሳ ከፍላሹ ፊት አድርጉ፤ ከዚያ ወደ ነፍሳቱ አስጠጉት። ስፋቱ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ለነፍሳቱ ያለው ቅርበት ነው የሚያለሰልሰው። መዳፍ የምታህል ወረቀት 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ስትሆን ለጉንዳን ከሰማይ አትተናነስም። እኔ የድንች ቺፕስ ጣሳ ውስጡን በፎይል ሸፍኜ፣ አፉ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት ደርቤ እጠቀማለሁ። መልኩ ያስቃል፤ ልጆች «ጋሼ፣ መድፍ ነው?» ይሉኛል። ብርሃኑ ግን ውድ ከሆኑት ጋር ይወዳደራል። ሌንስ ከመቀየራችሁ በፊት ይኼን ሥሩ የምለው ለዚህ ነው፤ በጥሩ ብርሃን በ1.5 እጥፍ የተነሳ ፎቶ በመጥፎ ብርሃን በ5 እጥፍ ከተነሳው ሁሌም ይበልጣል።

የንቧ ዓይን ጥርት ብሎ አፍንጫዋ ለምን ይደበዝዛል? አፐርቸሩን ኤፍ 16 ባደርገውስ?

የኤፍ ቁጥር ሲተልቅ የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል። በ5 እጥፍ በኤፍ 2.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 0.05 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ኤፍ 16 ላይ ወደ 0.27 ይደርሳል። እሰየው ብላችሁ ኤፍ 16 ላይ ካነሳችሁት ግን ሌላ ችግር ይመጣል፤ ፎቶው በሙሉ እንደፈዘዘ ታያላችሁ፤ የትኛውም ቦታ ጥርት አይልም።

ምክንያቱ ዲፍራክሽን ነው። ብርሃን በጣም ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበታተንና ጥቃቅኑን ዝርዝር ይውጠዋል። ካሜራው ላይ የሚነበበው ኤፍ ደግሞ እዚህ እውነተኛው አይደለም። እውነተኛውን ለማግኘት ቁጥሩን በእጥፉ ሲደመር 1 አባዙት። በ5 እጥፍ ኤፍ 16 ማለት በተግባር ኤፍ 96 ነው! ኤፍ 2.8 እንኳን 16.8 ይሆናል። እኔ ውጤቱ ከ24 እንዲያልፍ አልፈቅድም፦ በ2 እጥፍ ከኤፍ 5.6 እስከ 8፣ በ3 እጥፍ ኤፍ 5.6፣ በ5 እጥፍ ከ2.8 እስከ 4። ጥልቀቱ ካነሰ ወይ ደራርቤ አነሳለሁ (ከታች አስረዳዋለሁ)፣ ወይ አቅጣጫዬን እቀይራለሁ።

አቅጣጫ መቀየርን አትናቁት። ንቧን ከፊት ለፊት በሰያፍ ስታነሷት አንድ ዓይን ይጠፋል። ሁለቱም ዓይኖቿ ከሴንሰሩ እኩል እንዲርቁ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ብትገጥሟት ግን በዚያችው ስስ ጥልቀት ውስጥ ሁለቱም ይገባሉ። ያኔ ብዙ ሰው የማያምነውን ታያላችሁ፤ የማር ንብ ዓይን ላይ ፀጉር አለ። ዓይኑን ከሠሩት ጥቃቅን ንጣፎች መካከል እየወጣ ቀጥ ብሎ የቆመ ፀጉር፤ ጠዋት ላይ የአበባ ብናኝ ተይዞበት ይገኛል።

ፎቶ መደራረብ የምትሉት ምንድን ነው?

ፎከሱን ትንሽ ትንሽ እያራመዱ ብዙ ፎቶ ማንሳትና የየአንዳንዱን ጥርት ያለ ክፍል በኮምፒውተር ማዋሐድ ነው። ሄሊከን ፎከስና ዜሪን ስታከር የሚባሉ ፕሮግራሞች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ ፎቶሾፕም ይሠራዋል።

ምን ያህል ፎቶ? 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ነገር በ5 እጥፍ በኤፍ 2.8 ብታነሱ፣ እርምጃው 0.03 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከ60 በላይ ፎቶ ያስፈልጋል። ያንኑ በ2 እጥፍ በኤፍ 5.6 ብታደርጉት 10 ይበቃል። ልዩነቱን አይታችሁ ፍረዱ። ካሜራው በራሱ ፎከስ እያራመደ የሚያነሳበት ዘዴ ካኖኑ 65 ላይ አይሠራም፤ ሌንሱ ሞተር የለውማ። ካሜራውን የሚያንሸራትት የፎከስ ሬይል መግዛት አለባችሁ። ለሕያው ነፍሳት አልመክርም፤ ለእህል፣ ለጨውና ለጠገራ ብር ግን ደስ ይላል።

ቤቱ ፎቅ ከሆነ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ባጃጅ በመንገድ ሲያልፍ ራሱ ፎቶው ላይ ይታያል። ምድር ቤት ሲሚንቶ ላይ ሥሩ፤ ሹተሩን በሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ልቀቁት።

ትሪፖድ ያስፈልጋል?

ለቤት ውስጥ፣ አዎ። ለሜዳ፣ አይ። እግሮቹን ስትዘረጉ ሣሩ ይነቃነቃል፣ ጉንዳኑም የለም። ሜዳ ላይ በግራ እጃችሁ ነፍሳቱ ያለበትን ግንድ በቀስታ ያዙ፤ ሌንሱን በዚያው እጅ ላይ አሳርፉ። ሁለቱ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ነፋስም ቢነፍስ ርቀቱ አይቀየርም። ከዚያ በጣም በዝግታ ወደ ፊት እየተጠጋችሁ ዓይኑ ጥርት ሲል መተኮስ ነው።

ለሌንሱ ገንዘብ የለኝም። በርካሽ የሚደረስበት መንገድ አለ?

አለ፣ ያውም ሦስት።

አሮጌ 50 ሚሊ ሜትር የፊልም ሌንስ ካገኛችሁ ገልብጣችሁ በሪቨርስ ሪንግ (መገልበጫ ቀለበት) ካሜራው ላይ እሰሩት፤ 1 እጥፍ ገደማ ይሰጣችኋል። 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ 2 እጥፍ ያልፋል። አፐርቸሩ በቀለበት የሚዞር አሮጌ ሌንስ ይሻላል፤ አዲሶቹ ከካሜራው ኤሌክትሪክ ካላገኙ አፐርቸራቸው አይታዘዝም። የተገለበጠው ሌንስ ኋላው ወደ ውጭ ስለሚሆን አቧራና ጭረት ይፈራል።

ሁለተኛው ኤክስቴንሽን ቲዩብ፣ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ ነው። የቲዩቡን ርዝመት ለሌንሱ ቁጥር ስታካፍሉ የሚጨምረውን እጥፍ ታገኛላችሁ። 65 ሚሊ ሜትር ቲዩብ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 1.3 እጥፍ ይጨምራል።

ሦስተኛው ከሌንስ ፊት የሚለጠፍ አጉሊ መስታወት ነው፤ ሬይኖክስ ዲሲአር-250 የሚባለው የታወቀ ነው። ሁለት ሌንሶችን ማጣመርም ይቻላል፤ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ገልብጣችሁ ብትገጥሙ 200 ለ50 ተካፍሎ 4 እጥፍ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ለጀማሪ የተገለበጠ ሌንስን አስቀድማለሁ። ዋጋው ትንሽ፣ ጥራቱ የሚያስደንቅ።

በስልክስ?

ለቢራቢሮና ለአበባ ጥሩ ነው። ለጉንዳን ዓይን አይደርስም።

ጎንደር አካባቢ መቼና የት ልሂድ?

መስከረምና ጥቅምት። ክረምቱ ወጥቶ ሁሉም ነገር ያበበበት፣ አቧራው ገና ያልተነሳበት ጊዜ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ጠዋቱ ይበርዳል፤ ነፍሳት ደግሞ ሰውነታቸው ካልሞቀ አይበሩም። ፀሐይ ሳትጠነክር ከደረሳችሁ ጤዛ ያረፈባት ንብ ኑግ አበባ ላይ በብርድ ደንዝዛ ታገኛላችሁ። ከአዘዞ ወደ ደምቢያ ስትወጡ የኑግ ማሳው ቢጫ ለብሶ ይጠብቃችኋል፤ ባለ ማሳውን ሰላም ሳትሉ ግን አትግቡ። «ዝንብ ላነሳ ነው የመጣሁት» ስትሉ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ የተሻለ ቦታ የሚያሳዩዋችሁ እነሱው ናቸው።

አደይ አበባ ላይ ስትደርሱ አበባውን ቶሎ አትለፉት። ቅጠሎቹን ሥር ሥሩን እዩ፤ የምታደባ ሸረሪት አትጠፋም።

በበጋ የቀሃና የአንገረብ ወንዞች ዳርቻ፣ እንዲሁም በመስኖ የሚለማ ጎመን ይሻላል። የጎመን ቅጠል ገልብጡ፤ ክሽክሽ አለ፣ ክሽክሹን የሚበላ ጥንዚዛም አለ። የፋሲል መዋኛ ግንብን አቅፈው የያዙት የዛፍ ሥሮችም መልካም ናቸው፤ በድንጋዩና በሥሩ መካከል ጉንዳን መንገድ አለው። ጥር 10 እና 11 አካባቢ ግን ተዉት፤ ለጥምቀት ሕዝብ ሲመጣ መንበርከኪያ ቦታ አይገኝም።

ክረምት ላይ ከቤት ሳልወጣ ምን ላንሳ?

ነቀዝ! የከረመ በቆሎ ካለ ነቀዝ አለ። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስትነኩት እግሩን ሰብስቦ የሞተ ይመስላል። ያ የእናንተ ጊዜ ነው። በ3 እጥፍ ስታዩት ኩምቢ የሚመስለው ረጅም አፉ፣ በክርን የታጠፈ አንቴናው፣ ደረቱ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጉድጓዶች፣ ክንፉ ላይ አራት ቀላ ያሉ ጠቃጠቆዎች ይወጣሉ። እናቴ ፎቶውን አይታ «እህሌን የጨረሰው ይኼ ነው? እንዲህ ያምራል እንዴ!» ብላ ተናደደች።

ከዚያ ሌላ፦ የገበታ ጨው በ5 እጥፍ (ማዕዘኑ ትንሽ የተሸረፈ ኩብ ነው)፣ የኑግ ፍሬ፣ የነጠላ ዘርፍ። ጠገራ ብር ስታነሱ ዙሪያውን በነጭ ወረቀት ከልሉት፤ አለበለዚያ ካሜራችሁን ብሩ ላይ ታያላችሁ። 1780 የሚለው ዓመት ግን ዕድሜውን አይነግራችሁም፤ ከዚያ በኋላ የተመቱትም ሁሉ ያንኑ ቁጥር ነው የያዙት።

የብራና መጽሐፍ ማንሳት ይቻላል?

አስቀድሞ ፈቃድ። አስተዳዳሪውን ወይም መሪጌታውን አነጋግሩ፤ ገጹን እሳቸው ይግለጡ፣ እናንተ አትንኩ። ፍላሽ አትተኩሱ፤ መስኮት አጠገብ ከጎን የሚገባ ብርሃን ይበቃል፣ ደግሞም ይበልጣል። ከ2 እጥፍ በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ ሌንሱ ብራናውን እስኪነካ መጠጋት ተገቢ አይደለም።

ከጎን በገባ ብርሃን ቆዳው ራሱ ይናገራል። ፀጉር የነበረበት ወገን ላይ የፀጉሩ ሥር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ የሥጋው ወገን ለስላሳ ነው። መስመሩ በቀለም አልተሰመረም፤ በዱልዱም ነገር ተጭኖ የተበጀ ቦይ ነው። ከዳር በኩል መስመሩ የተለካባቸው የወስፌ ቀዳዳዎች አሉ። ጥቁሩ ቀለም ገጹ ላይ ተቀምጦ ጠርዙ ሲሰነጠቅ ትመለከታላችሁ።

የደብረ ብርሃን ሥላሴን የመላእክት ፊቶችስ በዚህ ሌንስ?

ጣሪያው ላይ ናቸው፤ ሌንሱ 10 ሴንቲ ሜትር ካልደረሰ አያይም። መሰላል ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ፍላሽም ውስጥ ክልክል ነው።

ነፍሳቱን ትገድላላችሁ? ፍሪጅ ውስጥ የሚያስገቡ አሉ ይባላል።

አሉ። እኔ አላደርገውም፤ ከርኅራኄው ሌላ ፎቶውም ያስታውቃል። የቀዘቀዘ ነፍሳት እግሩ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ አንቴናው ይወድቃል። ሞቶ ያገኛችሁትን ማንሳት ነውር የለውም፤ «ሕያው ነው» ብሎ መለጠፍ ግን ነውር ነው።

ፎቶዬ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ሌንሱ ተበላሽቷል?

ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። ተግባራዊው አፐርቸር በጣም ጠባብ ስለሆነ በሌላ ሌንስ የማይታየው ሁሉ እዚህ ይታያል። በተለይ ከታኅሣሥ በኋላ ውጭ ሌንስ አትቀይሩ፤ ከቀየራችሁም የካሜራው አፍ ወደ ታች ይሁን። በአፍ እፍ አትበሉበት፤ በጎማ መንፊያ ንፉት።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሊያመጣልኝ ነው። ምን ልንገረው?

«ማክሮ ሌንስ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ፤ ሙሉ ስሙንና የካሜራችሁን ማውንት (የሌንስ መግጠሚያውን ዓይነት) ጽፋችሁ ስጡት። የካኖኑ 65 በኢኤፍ ማውንት ነው የተሠራው፤ ካሜራችሁ ከአዲሶቹ መስታወት አልባዎቹ የኢኦኤስ አር ከሆነ አዳፕተሩንም (ማገናኛውን) አብሮ ይግዛ። ላዎዋው ለተለያዩ ማውንቶች ለየብቻ ስለሚሠራ የኒኮኑ ለካኖን አይገጥምም። ያገለገለ ከሆነ አፐርቸሩን እየቀየረ ሞክሮ፣ መስታወቱን በባትሪ ብርሃን አይቶ ይቀበል። ባለ ሁለት ራሱ የማክሮ ፍላሽ ውድ ነው፤ ተራ ፍላሽና ከካሜራው የሚያላቅቅ ገመድ ይበቃሉ። ፍላሹ 4 ድንጋይ ስለሚበላ ዳግም የሚሞሉ 8 ድንጋዮችና ቻርጀር ይጨመሩ፤ መብራት በሄደበት ቀን ለሁለተኛው ዙር ታመሰግኑታላችሁ።